ኦክሳሊስ ተኝታ ሳለ ሞታለች አትበሉ፦ ለአንድ የተክል አያያዝ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ኦክሳሊስ አያያዝ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሦስቱም ቤታቸው ውስጥ ኦክሳሊስ አላቸው። የጠየቁኝም ያው አንድ ጥያቄ ነው፦ «እውነት ነው እንዴ?» አንዷማ ጽሑፉን አምና ተክሏን ልትጥላት በር ላይ አውጥታ አስቀምጣታለች። ቁጭ ብዬ ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያደረገኝ የእሷ መልእክት ነው።

ጽሑፉ ስምንት ምክሮች አሉት። ላላነበበው ሰው በአጭሩ ላስቀምጣቸው። አንደኛ፣ ቅጠሎቿ ማታ ከታጠፉ ውሃ ጠምቷታል። ሁለተኛ፣ በየሁለት ቀኑ ውሃ ትጠጣ። ሦስተኛ፣ ቅጠሏ ጠቆር ያለ ስለሆነ ብርሃን የሌለው ክፍል ይስማማታል። አራተኛ፣ ቶሎ ስለምትስፋፋ ከመጀመሪያው ሰፊ መትከያ ውስጥ ትተከል። አምስተኛ፣ ጠዋትና ማታ ቅጠሏ ላይ ውሃ ይርከፍከፍባት። ስድስተኛ፣ ቅጠሏ መጠውለግ ሲጀምር ማዳበሪያ ይጨመርላት። ሰባተኛ፣ ቅጠሏ ጨርሶ ከጠፋ ዕድሜዋ አልቋልና ትጣል። ስምንተኛ፣ ለልጅም ለድመትም ለውሻም ምንም ጉዳት የላትም።

ጸሐፊዋ ተክል እንደሚወዱ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ግን ምክሮቹን ደርድራችሁ ተመልከቷቸው። በቅደም ተከተል የፈጸማቸው ሰው መጀመሪያ ውሃ እያበዛ ሥሯን ያበሰብሳል። ከዚያ ብርሃን ይነፍጋታል። ስትደክም ማዳበሪያ ይጭንባታል። በመጨረሻም ይጥላታል። ይህን ሁሉ አድርጎ ሲያበቃ «ኦክሳሊስ እኮ ዕድሜዋ አጭር ነው» ብሎ ለጎረቤቱ ይናገራል። በደንብ ከተያዘች ግን ብዙ ዓመት የምትኖር ተክል ናት።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ስለየትኛዋ እንደምናወራ እንስማማ። በኦክሳሊስ ስም የሚጠሩ ከ500 በላይ ዝርያዎች አሉ። ቤት ውስጥ በብዛት የምትገኘው ኦክሳሊስ ትሪያንጉላሪስ የምትባለዋ ናት። በአንድ ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ሦስት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅጠሎች አሏት። ቀለማቸው ጠቆር ያለ ሐምራዊ ነው፤ አረንጓዴም አለች። ከቅጠሉ በላይ ፈዛዛ ሮዝ ወይም ነጭ አበቦች ብቅ ይላሉ። የመጣችው ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ ከብራዚል፣ ከቦሊቪያ፣ ከፓራጓይና ከአርጀንቲና።

ከአፈሩ ስር ደግሞ ቅርፊት የደራረቡ ትንንሽ ወፋፍራም ሥሮች አሏት። ቀረብ ብሎ ላያቸው ሰው የጥድ ፍሬ ይመስላሉ። ውሃዋንም ምግቧንም የምታጠራቅመው እዚያ ነው። ከዚህ በኋላ «ቅርፊታሙ ሥር» እያልኩ እጠራዋለሁ። ይህን ሥር ልብ በሉልኝ። ጽሑፉ አንድም ቦታ አላነሳውም። የኦክሳሊስ ሕይወት ያለው ግን እዚያ ነው።

«ማታ የምትታጠፈው ውሃ ጠምቷት ነው»

በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነጥብ ነው፤ ሌሎቹ ስህተቶች የሚጀምሩት ከዚህ ነውና።

ኦክሳሊስ ማታ ማታ ትተኛለች። ሦስቱ ቅጠሎች ወደታች ተጣጥፈው እንደተዘጋ ጃንጥላ ይሆናሉ። ጠዋት ብርሃን ሲመጣ ይዘረጋሉ። ሦስቱ ቅጠሎች በሚገናኙበት ቦታ ላይ አበጥ ያለች ትንሽ ክፍል አለች፤ እንደ በር ማጠፊያ ታገለግላለች። በአንድ በኩል ያሉት ሕዋሳት ውሃ ሲሞሉ፣ በሌላው በኩል ያሉት ሲጎድሉ፣ ቅጠሉ ይንቀሳቀሳል። ውሃው ከተክሏ አልጠፋም። ከአንድ ጎን ወደ ሌላ ጎን ነው የሄደው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1729 ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዣን ዣክ ዶርቱ ደ ሜራን ቅጠሏን የምታጥፍ ሌላ ተክል፣ ሚሞሳን፣ ጨለማ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ፀሐይ ሳታያትም ቀን ቀን ቅጠሏን መዘርጋት፣ ማታ ማታ ማጠፍ ቀጠለች። ተክል የራሱ የሰዓት ስሜት እንዳለው የጠቆመ ሙከራ ነው። ከ150 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1880፣ ቻርለስ ዳርዊን ስለ ዕፅዋት እንቅስቃሴ ያደረጋቸውን ሙከራዎች አሳተመ። ከሞከረባቸው ዕፅዋት መካከል አንዷ ኦክሳሊስ ነበረች። አንዳንድ ቅጠሎችን እንዳይታጠፉ በመርፌ ወጥሮ ብርዳማ ሌሊት ላይ ውጭ አሳደራቸው። እንዳይተኙ የተደረጉት ቅጠሎች ታጥፈው ካደሩት ይልቅ በብርዱ ተጎዱ። ዳርዊን መታጠፉ ቅጠሉን ከሌሊት ብርድ ይጠብቀዋል ብሎ አሰበ። ስለ ምክንያቱ ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ የተለያየ ሐሳብ አላቸው። መታጠፉ የጤና እንጂ የጥማት ምልክት አለመሆኑ ግን አያከራክርም።

እኔ እንዲያውም የኦክሳሊሴን ጤና የማየው በዚህ ነው። ማታ በደንብ ታጥፋ ጠዋት በደንብ ከተዘረጋች ደስ ይለኛል። እኩለ ቀን ላይ ኃይለኛ ፀሐይ ሲያገኛትም ልትታጠፍ ትችላለች። ያኔ የምትፈልገው ውሃ ሳይሆን ከፀሐዩ ትንሽ ፈቀቅ መደረግ ነው።

እውነተኛው ጥማት ሌላ መልክ አለው። ቅጠሉ ብቻ አይደለም የሚታጠፈው፤ ዘንጉ ራሱ ዝሎ በመትከያው ጠርዝ ላይ ይንጠለጠላል። የሚሆነውም በጠራራ ቀን ነው። አፈሩን ስትነኩት ደረቅ ነው። ከዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ሥሯ የበሰበሰ ኦክሳሊስም እንዲሁ ትዝላለች። ስለዚህ ውሃ ከማንሳታችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እርጥብ ሆኖ ሳለ ከዛለች ተጨማሪ ውሃ ይገድላታል።

«በየሁለት ቀኑ ውሃ ትጠጣ»

ተክል ቀን አይቆጥርም። በሞቃት ክፍል፣ በደማቅ መስኮት አጠገብ፣ በትንሽ የሸክላ መትከያ ያለች ኦክሳሊስ ቶሎ ትደርቃለች። በቀዝቃዛ ክፍል በፕላስቲክ መትከያ ያለችው ሳምንት ሙሉ እርጥብ ልትሆን ትችላለች። ለሁለቱም «በየሁለት ቀኑ» ማለት ለአንዷ የሞት ፍርድ ነው።

መለኪያው ጣታችሁ ነው። ከላይ ያለው አፈር ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲደርቅ አጠጡ። ስታጠጡ በደንብ አጠጡ፤ ውሃው ከስር ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ። ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ድፉት። ከዚያ እስኪደርቅ ተዋት። ትንሽ ስትለምዱ መትከያውን ከፍ አድርጋችሁ በክብደቱ ብቻ ታውቃላችሁ።

ቅርፊታሙ ሥር ውሃ የማጠራቀሚያ ቦታ ነው ብያለሁ። ለዚህ ነው ኦክሳሊስ ትንሽ ድርቀት የምትችለው። ለዚህም ነው ጭቃ ውስጥ መዋል የማትችለው። ዘወትር የራሰ ሥር አየር ያጣል፤ ለስላሳ ይሆናል፤ ቡናማ ይሆንና መሽተት ይጀምራል። በእኔ ልምድ ውሃ ተረስቶባቸው ከሞቱት ውሃ በዝቶባቸው የሞቱት እጅግ ይበልጣሉ። አፈሩም ውሃ የሚያሳልፍ ይሁን። የተለመደው የተክል አፈር ላይ አሸዋ ወይም ፐርላይት የሚባለውን ነጭና ቀላል የድንጋይ ቅንጣት መቀላቀል ብዙ ይረዳል። ጸሐፊዋ «መትከያው ከስር ቀዳዳ ይኑረው» ማለታቸው በጣም ትክክል ነው። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ግን ቀዳዳው ብቻውን በየሁለት ቀኑ የሚፈስን ውሃ አይመክትም።

«ጠቆር ያለ ቅጠል ብርሃን አይፈልግም»

ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ጥቁር የሚመስል ቅጠል ሲያዩ የጥላ ተክል ይመስላል። ነገር ግን ሐምራዊው ቀለም አንቶሲያኒን ከሚባል ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው። አረንጓዴው ክሎሮፊል አልጠፋም፤ ከሐምራዊው ጀርባ ተሸፍኖ ሥራውን እየሠራ ነው። ለዚያ ሥራ ደግሞ ብርሃን ያስፈልገዋል።

ብርሃን ያነሳት ኦክሳሊስ ራሷ ትናገራለች። ዘንጎቿ ይረዝማሉ፣ ይቀጥናሉ፣ ወደ መስኮቱ ይዘማሉ። አዲሶቹ ቅጠሎች ያንሳሉ፤ ሐምራዊው ይደበዝዛል። አበባም ትተዋለች። መስኮት አጠገብ አድርጓት። የጠዋት ለስላሳ ፀሐይ ሁለት ሦስት ሰዓት ቢያገኛት ትወደዋለች። የእኩለ ቀን ፀሐይ በመስታወት አልፎ በቀጥታ ሲያርፍባት ግን ቅጠሏን ያቃጥለዋል፤ ስስ መጋረጃ ይበቃል። በየሳምንቱ መትከያውን ሩብ ዙር ብታዞሩት በአንድ ጎን አትዘምም።

ሙቀቱም ከብርሃኑ ጋር ይሄዳል። ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ይመቻታል። ከ27 በላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ብዙ ጊዜ ቅጠሏን ጥላ ለማረፍ ትዘጋጃለች።

ሰፊ መትከያና የሚርከፈከፍ ውሃ

እነዚህን ሁለቱን ቶሎ ልለፋቸው። ሰፊ መትከያ ሥሩ የማይደርስበት ብዙ አፈር ይይዛል። ያ አፈር ውሃ ይይዛል እንጂ የሚጠጣው የለም። ስለዚህ ሥሮቹ ትንሽ ተጠጋግተው የሚኖሩበት ጠበብ ያለ መትከያ ይሻላል። አብረው ሲሆኑ ነው ሙሉ የሚመስሉትም።

ውሃ መርከፍከፍ አያስፈልጋትም። በተለመደ የቤት አየር ደህና ትኖራለች። ማታ በታጠፈ ቅጠል ላይ የተኛ ውሃ ለፈንገስ በር ይከፍታል። የዋግ በሽታ ያለበት ተክል ላይ ደግሞ ርጥበቱ ነገሩን ያባብሰዋል። ዋግ ስላችሁ፣ ከቅጠሉ ስር ብርቱካናማ ዱቄት የመሰሉ ነጠብጣቦች ካያችሁ እሱ ነው። የተያዙትን ቅጠሎች ከሥራቸው ቆርጣችሁ አስወግዱ። አዲስ ቅጠል ለማውጣት ሰነፍ አይደለችም። ቀይ ሸረሪትና ክሽክሽም አንዳንዴ ይመጡባታል፤ የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ የማየት ልማድ ይኑራችሁ።

«ምንም ጉዳት የላትም»

ሰባተኛውን ለመጨረሻ ላቆየውና ስምንተኛውን እዚህ ላንሳ። ይህ ነጥብ ቢታረም ደስ ይለኛል፤ የሚጎዳው ተክል ሳይሆን እንስሳ ነውና።

ኦክሳሊስ የሚለው ስም ራሱ ጎምዛዛ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ኦክሳሊክ አሲድም ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። ቅጠሏ ውስጥ በውሃ የሚሟሟ ኦክሳሌት አለ። ወደ ሰውነት በብዛት ሲገባ በደም ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ይጣበቃል። እንስሳው ለሐጩ ይዝረበረባል፣ ያስመልሰዋል፣ ይደክመዋል። መጠኑ ከበዛ ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። ጎምዛዛ ስለሆነች አብዛኞቹ ድመቶችና ውሾች አንዴ ቀምሰው ይተዋታል። ስለዚህ አትደንግጡ፤ ቤት ውስጥ እንስሳ አለ ብላችሁም አትስጧት። ከፍ ያለ ቦታ ወይም የሚንጠለጠል መትከያ ይበቃል። ቅጠል ማኘክ የሚወድ እንስሳ ካላችሁ ግን ቁርጥ አድርጋችሁ አርቋት። በብዛት የበላ ከሆነ ጊዜ ሳትፈጁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ። ትንንሽ ልጆችም ቅርጿን አይተው ወደ አፋቸው እንዳይወስዷት መጠንቀቅ ነው።

«ቅጠሏ ሲጠወልግ ማዳበሪያ፤ ቅጠሏ ሲጠፋ ቆሻሻ መጣያ»

ስድስተኛውና ሰባተኛው አንድ ላይ የሚሄዱ ናቸው። መልሳቸውም አንድ ነው፦ ኦክሳሊስ ታርፋለች።

አንዳንዴ ከረጅም የአበባ ጊዜ በኋላ፣ አንዳንዴ ሙቀት ሲበዛባት፣ አንዳንዴ ውሃ ተረስታ፣ አንዳንዴ ደግሞ ብርሃኑ በሚያጥርበት ወቅት አዲስ ቅጠል ማውጣት ታቆማለች። ያሉት ቅጠሎች ይደበዝዛሉ፣ ይጠወልጋሉ፣ ይደርቃሉ። ያላትን ሁሉ ወደ ቅርፊታሙ ሥር ሰብስባ ትተኛለች። በዚህ ጊዜ ማዳበሪያ መስጠት ለተኛ ሰው ምግብ ማጉረስ ነው። ሥሩ አይወስደውም። የማዳበሪያው ጨው አፈሩ ውስጥ ይጠራቀምና ኋላ ሥሩን ያቃጥለዋል። ማዳበሪያ የሚሰጠው በእድገት ጊዜ ነው፤ ፈሳሹን ማዳበሪያ ዕቃው ላይ ከተጻፈው መጠን በግማሽ አቅጥናችሁ በወር አንዴ።

ስታርፍ የምታደርጉት ይህ ነው። የደረቁትን ቅጠሎች ቁረጡ። ውሃ አቁሙ። መትከያውን ቀዝቀዝ ያለና ብዙ ብርሃን የማያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቁ። አንዳንዷ እስከ ሦስት ወር ትቆያለች። ከአፈሩ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ቅጠሉ የተጠቀለለ፣ ብቅ ሲል ወደ ብርሃን አምጧትና ቀስ እያላችሁ ማጠጣት ጀምሩ። ከዚያ በኋላ ፍጥነቷ ይገርማችኋል።

«በየዓመቱ በግድ ጨለማ ውስጥ መግባት አለባት» የሚሉ ሌሎችም አሉ። እሱም ልክ አይደለም። ሁኔታው ከተመቻት ዓመቱን ሙሉ ሳታርፍ ልትቀጥል ትችላለች። እያበበች ያለችን ተክል አታስተኟት። ለማረፍ ስትፈልግ ራሷ ታሳያችኋለች። ተሰላችታ፣ ተንዘላዝላ፣ መልኳ ከተበላሸ ደግሞ ቅጠሎቹን በሙሉ አፈሩ አጠገብ ቆርጣችሁ ከአዲስ ማስጀመር ትችላላችሁ። መጀመሪያ ስቆርጥ እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከቀድሞው ይልቅ ጥቅጥቅ ብላ መጣች።

ታዲያ አርፋ ይሁን ሞታ በምን ይታወቃል? ቅጠሉን አይታችሁ አታውቁትም። ሥሩን ማየት አለባችሁ። አፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ አንዱን ቅርፊታም ሥር በሁለት ጣት ተጫኑት። ጠንካራ ከሆነ በሕይወት አለ። ከለሰለሰ፣ ከሟሟ ወይም ከሸተተ በስብሷል። አንድ መትከያ ውስጥ ሁለቱም አብረው ሊገኙ ይችላሉ። የበሰበሱትን ለይቶ ማውጣት፣ ጠንካራዎቹን በአዲስ ደረቅ አፈር ውስጥ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መትከል ነው። የዕረፍቱ ጊዜ ለማካፈልም የተመቸ ነው። በየሁለት ሦስት ዓመቱ መትከያው ሲሞላ ሥሮቹን ለሁለት ለሦስት ከፍላችሁ ለወዳጅ መስጠት ትችላላችሁ። አንዲት ትንሽ ሥር ብቻዋን ሙሉ ተክል ታወጣለች።

መጀመሪያ ላይ ወዳነሳኋት፣ ተክሏን በር ላይ ወዳወጣችው ወዳጄ ልመለስ። ምንም ቅጠል የሌላት ባዶ መትከያ ከሆነች ሁለት ሳምንት አልፏት ነበር። «ቢያንስ ሳትጥያት አብረን እንያት» አልኳትና ቤቷ ሄድኩ። ጋዜጣ ዘርግተን አፈሩን ደፋነው። ከታች በኩል እርጥብ ነበር፤ በጽሑፉ ምክር መሠረት ባዶውን አፈር ሳይቀር በየሁለት ቀኑ ስታጠጣው ቆይታለች። አፈሩን በጣታችን ስንበታትን መጀመሪያ ያገኘነው ሦስት የለሰለሱ ሥሮች ነው። ፊቷ ተለወጠ። ቀጥለን ስንፈልግ ግን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን ዘጠኝ ጠንካራ ሥሮች ቆጠርን። አንዷ ጫፏ ላይ ነጭ ነጥብ አውጥታ ነበር።

ዘጠኙን ጠበብ ባለ መትከያ ውስጥ ተከልናቸው። ቀዝቀዝ ባለው መተላለፊያ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥናት። ነጩ ነጥብ ቅጠል ሆኖ እስኪወጣ ውሃ እንዳትነካት አስጠንቅቄያታለሁ። ይህን ስጽፍ ገና ስድስተኛ ቀኗ ነው። እስካሁን ምንም አልበቀለም፤ ወዳጄ ግን ጠዋት ጠዋት እየሄደች አፈሩን ታየዋለች።